ቪኒ ጆንስ፦ ከኳስ ሜዳ ወደ አክሽን ፊልም፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኳስ ወዳዱም ፊልም ወዳዱም ስለ ቪኒ ጆንስ ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪኒ ጆንስ ማን ነው?

የቀድሞ እግር ኳስ ተጫዋች፣ የዛሬ የፊልም ተዋናይ ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን 1965 ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው ዋትፎርድ ተወለደ። ቦታው መሀል ሜዳ ነበር። ለዊምብልደን፣ ለሊድስ፣ ለሼፊልድ ዩናይትድ፣ ለቼልሲና ለኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ተጫውቷል። የዌልስ ብሔራዊ ቡድንንም በአምበልነት መርቷል።

በ1990ዎቹ የእንግሊዝን ኳስ የተከታተለ ሰው ስሙን ሲሰማ እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ የሚያውቀው በፊልም ነው። ኳስ ተጫዋች ነበር ሲሉት አያምንም።

የትኞቹ ፊልሞች ላይ ነው ያየሁት?

መልኩን እያወቀ ስሙን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ በምልክት ልንገራችሁ። «ሎክ፣ ስቶክ ኤንድ ቱ ስሞኪንግ ባረልስ» (1998) ላይ ትንሽ ልጁን አስከትሎ ዕዳ የሚሰበስበው ኮስታራ ሰውዬ እሱ ነው። በ«ስናች» (2000) ጥርሰ ጥይት ቶኒ የሚሉት እሱ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው «ጎን ኢን ሲክስቲ ሰከንድስ» ከኒኮላስ ኬጅ ጋር መኪና የሚሰርቀውና ትንፍሽ የማይለውም እሱ ነው። በ«ኤክስ ሜን፦ ዘ ላስት ስታንድ» (2006) ደግሞ ቆብ እንደደፋ ግድግዳ እየበረቀሰ የሚያልፈውን ጃገርኖትን ሆኗል።

ስታሎንና ሽዋዚኔገር እስር ቤት ውስጥ የሚገናኙበት «ኢስኬፕ ፕላን» (2013) ላይም አለ። በ2024 በኔትፍሊክስ የወጣው ተከታታይ ድራማ «ዘ ጀንትልመን» ላይ ደግሞ ሽበት ወሮት ታገኙታላችሁ።

ኳስ ተጫዋች ከመሆኑ በፊት ምን ይሠራ ነበር?

የቀን ሠራተኛ ነበር። ግንባታ ቦታ ላይ ጡብ በትከሻው ተሸክሞ መሰላል ይወጣ ነበር፤ ግንበኛው እንዳይቆምበት ከታች ወደ ላይ ማመላለስ ነው ሥራው። ጎን ለጎን ዌልድስቶን ለሚባል ከትልቁ ሊግ ውጪ ላለ ክለብ ይጫወታል። ለእንጀራ የማይበቃ ክፍያ ነው የሚያገኘው። በ1986 ወደ ስዊድን በውሰት ሄዶ ለትንሽ ክለብ ተጫወተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ዊምብልደን በ10,000 ፓውንድ ገዛው። 21 ዓመቱ ነበር።

ከአካዳሚ የወጣ፣ በልጅነቱ የተኮተኮተ ተጫዋች አይደለም። ገና በሁለተኛ ጨዋታው፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1986፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ብቸኛዋን የማሸነፊያ ግብ አገባ። አሌክስ ፈርጉሰን ዩናይትድን ከያዘ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት ጡብ ይሸከም የነበረ ልጅ ነው እንግዲህ። ያቺን ሳምንት ሳስብ ከዚያ በኋላ ለምን እንደዚያ እየታገለ እንደተጫወተ ይገባኛል። ሜዳው ላይ ያለችውን ቦታ ቢያጣ የሚመለሰው ወደ መሰላሉ ነው።

«ክሬዚ ጋንግ» የሚባሉት እነማን ናቸው?

የዚያን ጊዜው የዊምብልደን ቡድን ቅጽል ስም ነው፤ «የእብዶቹ ቡድን» እንደማለት። ዊምብልደን እስከ 1977 ድረስ ፕሮፌሽናል ሊግ ውስጥ እንኳ አልነበረም። በ1986 ግን ከላይኛው ዲቪዚዮን ደረሰ። በዘጠኝ ዓመት! ገንዘብም ስምም የሌለው ክለብ ነው። ፕላው ሌን የሚባለው ሜዳው ጠባብና ያረጀ ነበር።

ጨዋታቸው ቀጥተኛ ነው። ኳሱን ወደ ፊት ይልካሉ፣ በአየር ይሻማሉ፣ ተጋጣሚን ዕረፍት ይነሳሉ። እርስ በርስም አይተዛዘኑም። አዲስ የመጣ ተጫዋች ልብሱ ተቀድዶ ወይም ተቃጥሎ ሊያገኘው ይችላል። ትልልቆቹ ክለቦች ወደ ፕላው ሌን ሲመጡ መልበሻ ክፍል ሳሉ ነው ግማሹን ጨዋታ የሚሸነፉት፤ ከጎረቤት ክፍል ጩኸቱና ሙዚቃው ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል።

የ1988ቱ የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ለምን እስከ ዛሬ ይወራል?

ማንም ያልጠበቀው ስለነበር ነው። ኤፍኤ ዋንጫ የእንግሊዝ ክለቦች የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። ሜይ 14 ቀን 1988፣ ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም። በአንድ በኩል የዓመቱ የሊግ ሻምፒዮን ሊቨርፑል፣ በሌላ በኩል ዊምብልደን። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ጆንስ የሊቨርፑሉን ስቲቭ ማክማሆንን በሸርተቴ ጠረገው። ማክማሆን በሊቨርፑል መሀል ሜዳ ጠንካራው ሰው ነበር። መልእክቱ ለሁሉም ደረሰ።

በ37ኛው ደቂቃ ሎሪ ሳንቼዝ በጭንቅላቱ አገባ። ከእረፍት በኋላ ሊቨርፑል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ጆን አልድሪጅ መታ፣ ዴቭ ቢሳንት ወደ ግራው ተወርውሮ አወጣው። በዌምብሌይ የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሲድን ያ የመጀመሪያው ነበር። በ1 ለ 0 አለቀ። ዋንጫውን ከልዕልት ዲያና እጅ የተቀበለው ቢሳንት በዌምብሌይ ፍጻሜ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ግብ ጠባቂ አምበል ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። የክለቡ ባለቤቶች በ2003 ቡድኑን ወደ ሚልተን ኪንስ ከተማ አዛወሩት። ደጋፊዎቹ ግን ይህ እንደማይቀር ሲያውቁ ቀደም ብለው በ2002 ኤኤፍሲ ዊምብልደን የሚባል የራሳቸውን ክለብ ከዜሮ ጀምረው ነበር። ጆንስ የ1988ቱን የአሸናፊነት ሜዳሊያውን ለዚህ ለደጋፊዎቹ ክለብ ሰጠ። አንድ ተጫዋች በሕይወቱ አንዴ የሚያገኛት ሜዳሊያ ናት። ስለ ጆንስ ክፉ ብቻ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ይህችን አነሳለታለሁ።

ፖል ጋስኮይንን የያዘበት ፎቶ እውነተኛ ነው?

እውነተኛ ነው። ፌብሩዋሪ 1988፣ ፕላው ሌን፣ ዊምብልደንና ኒውካስል 0 ለ 0 የተለያዩበት ጨዋታ ላይ ነው የተነሳው። የኒውካስሉ ጋስኮይን 20 ዓመቱ ነው፤ አገሩ ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራበት ጊዜ ነው። ጆንስ የተሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ይህን ልጅ እንዳታስጨፍረው።

ፎቶውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጆንስ ጀርባውን ለጋስኮይን ሰጥቷል። ዓይኑ ወደ ፊት ነው፣ ጥርሱን ነክሷል። ክንዱ ብቻ ወደ ኋላ ተልኮ የልጁን ብልት ጨምድዷል። ጋስኮይን አፉ ተከፍቷል፣ ፊቱ ተጨማዷል። ኳስ የለም። ሌላ ሰው የለም። ሞንቲ ፍሬስኮ የሚባለው ፎቶግራፈር ካሜራውን ሁለቱ ላይ ባያቆይ ኖሮ ማንም አያይም ነበር። ጆንስ በዚህ ካርድ እንኳ አላየበትም።

ጋስኮይን ከጨዋታው በኋላ ጽጌረዳ አበባ ላከለት፣ ጆንስም በምላሹ የሽንት ቤት ብሩሽ ላከለት እየተባለ ይነገራል። እኔ ይህን ፎቶ የጆንስ የመጀመሪያ የፊልም ትዕይንት አድርጌ ነው የማየው። አንዲት ቃል ሳይወጣው ሙሉ ታሪክ ነግሯል። ፎቶው በየጋዜጣው ከዞረ በኋላ እሱን የሚገጥም ሁሉ ቁምጣውን እያሰበ ነበር ሜዳ የሚገባው።

በ3 ሰከንድ ቢጫ ካርድ አይቷል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። በፌብሩዋሪ 1992 በኤፍኤ ዋንጫ፣ ለቼልሲ ተሰልፎ ከቀድሞ ክለቡ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር ሲጫወት ነው። ፊሽካው ተነፋ፣ ዴን ዋይትሃውስ ኳሷን ሊቀበል ሲል ጆንስ ደረሰበት። 3 ሰከንድ። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ለሼፊልድ ዩናይትድ ሲጫወት ማንቸስተር ሲቲ ላይ በ5 ሰከንድ አይቷል። የራሱን ነው ያሻሻለው።

በአጠቃላይ ስንት ቀይ ካርድ አይቷል?

12።

እውነት ኳስ ይችል ነበር ወይስ መማታት ብቻ ነው?

ይችል ነበር። ኳስ ጥበበኛ ነው አልልም፤ አልነበረም። ግን በጭንቅላት ይሻማል፣ የእጅ ውርወራው ረጅም ነው፣ ቡድን ያነሳሳል። ይህን የማይቀበል ሰው የሊድስን ዘመን ይመልከት። በ1989 ሊድስ በ650,000 ፓውንድ ወሰደው። አሰልጣኙ ሃዋርድ ዊልኪንሰን ነበር። በዚያ ዓመት ሊድስ የሁለተኛውን ዲቪዚዮን አሸንፎ ወደ ላይ ወጣ። ጆንስ የውድድር ዘመኑን በሙሉ ያየው 3 ቢጫ ካርድ ብቻ ነው።

ሦስት! ያው ሰውዬ ነው። ስለዚህ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት አልነበረም። እንደሚጫወትበት ቡድን ነበር የሚለዋወጠው። ሌላ ቦታ አስፈራ ሲሉት ያስፈራል፤ ሊድስ ላይ ሥራውን ሥራ ሲሉት ሠራ። የሊድስ ደጋፊዎች ለአንድ ዓመት ብቻ የቆየን ሰው እስካሁን የሚወዱት በዚህ ነው።

እንግሊዝ ተወልዶ እንዴት ለዌልስ ተጫወተ?

በእናቱ አባት በኩል ነው። አያቱ የተወለዱት በሰሜን ዌልስ ነው፤ ሕጉም በአያት ትውልድ መጫወት ይፈቅዳል። ዲሴምበር 1994 ከቡልጋሪያ ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ፣ ዌልስ 3 ለ 0 ተሸነፈ። በአጠቃላይ 9 ጊዜ ተሰልፏል። በ1995 ከጆርጂያ ጋር ሲጫወት በቀይ ወጥቷል። ያኔ 29 ዓመት ሞልቶት ድንገት ዌልሳዊ ሆነ ብለው የቀለዱበት ብዙዎች ነበሩ። እሱ ግን ከምሩ ነበር የያዘው፤ አምበልም እስከመሆን ደርሷል።

ፊልም ውስጥ እንዴት ገባ?

እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ጋይ ሪቺ የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሙን፣ «ሎክ፣ ስቶክ»ን፣ ሊሠራ ሲነሳ በእጁ ብዙ ገንዘብ አልነበረውም። ፕሮዲውሰሩ ማቲው ቮን ነው። የለንደን ወሮበሎች ታሪክ ስለሆነ ከትወና ትምህርት ቤት የወጣ ሳይሆን ሲታይ የሚታመን ፊት ያስፈልገዋል። ጆንስን አመጡት። ፊልሙ ሲቀረጽ ገና ኳስ ተጫዋች ነበር። በኦገስት 1998 ለእይታ ሲበቃ በኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ተጫዋችም ረዳት አሰልጣኝም ነው። በ1999 መጀመሪያ ጫማውን ሰቀለ።

የተሰጠው ገጸ ባህሪ ቢግ ክሪስ ይባላል። ሰው ይደበድባል፣ ዕዳ ይሰበስባል፣ ልጁ ሲሳደብ ግን ይቆጣል። የመኪናውን በር በሰው ጭንቅላት ላይ ደጋግሞ የሚዘጋበትን ቦታ ያየ አይረሳውም። እኔን ግን የያዘኝ ሌላው ነው፤ ልጁን በሚያናግርበት ጊዜ ድምፁ ዝቅ ይላል። ያ ለውጥ ነው ተዋናይ ያደረገው። ኢምፓየር መጽሔትም በዓመቱ ከታዩ አዲስ ተዋንያን አስቀድሞ ሸለመው።

ጄሰን ስታተምም ኳስ ተጫዋች ነበር?

አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ያደባልቃል። ሁለቱ ፊልም የጀመሩት በዚያው በአንድ ፊልም ስለሆነ ነው። ስታተም ዋናተኛ፣ በተለይም ከከፍታ ወደ ውሃ የሚወረወር ስፖርተኛ ነበር። በ1990 በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ለእንግሊዝ ተወዳድሯል። በ2001 በወጣው «ሚን ማሽን» ላይ ግን ኳስ ተጫውቷል፤ ጆንስ የታሰረ የቀድሞ አምበል፣ ስታተም ደግሞ የእስረኞቹ ቡድን ግብ ጠባቂ ሆነው።

ከእሱ በፊት ከስፖርት ወደ ፊልም የሄደ አልነበረም?

ነበሩ እንጂ። ፔሌና ቦቢ ሙር በ1981 «ኢስኬፕ ቱ ቪክትሪ» ላይ ከስታሎንና ከማይክል ኬን ጋር ሠርተዋል። ኤሪክ ካንቶና ኳስ ካቆመ ወዲያ ወደ ትወና ገብቷል። በአሜሪካ ፉትቦል በኩል ደግሞ ጂም ብራውን በ1960ዎቹ ከሜዳ ወደ አክሽን ፊልም የሄደ ኮከብ ነው። ፔሌና ሙር ግን ፊልም ላይም ኳስ ነው የተጫወቱት። የጆንስ የሚለየው በሆሊውድ ኳስን ጭራሽ ሳያነሱ ለዓመታት የቀጠሩት መሆኑ ነው።

ለምን ሁልጊዜ ክፉ ሰው ነው የሚሆነው? ለምንስ ብዙ አያወራም?

ዝምታው ራሱ ስለሚሠራ ነው። 1 ሜትር ከ88 የሚሆን ቁመት፣ የተሰበረ የሚመስል ፊት፣ የማይርገበገብ ዓይን። ዳይሬክተሮች ይህ ካላቸው ንግግር መጻፍ አያስፈልጋቸውም። «ጎን ኢን ሲክስቲ ሰከንድስ» ላይ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ቃል አይወጣውም፤ አንዴ ሲናገር ሰው ሁሉ ይደነግጣል። በ2008ቱ «ዘ ሚድናይት ሚት ትሬን» ላይም ዝምተኛ ገዳይ ነው። ቋንቋ ሳያስፈልግ ስለሚገባ ነው እኛም አገር ሰው በቀላሉ የያዘው።

በሌላ ሚናም ሞክሯል። በ2006 «ሺ'ዝ ዘ ማን» ላይ የትምህርት ቤት ኳስ አሰልጣኝ ሆኖ ያስቃል። «ዩሮትሪፕ» ላይ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች አለቃ ነው። እኔ ከክፋቱ ይልቅ ኮሜዲው ላይ ያለውን የበለጠ እወድለታለሁ። ብዙ ዕድል ግን አላገኘም።

በጃገርኖት ሚና ለምን ቅር አለው?

ሚናውን የተቀበለው ማቲው ቮን ዳይሬክት ሊያደርገው በነበረ ጊዜ ነው። ቮን ቀረጻ ሳይጀመር ለቀቀና ብሬት ራትነር ተተካ። ጆንስ ከዚያ በኋላ የገጸ ባህሪው ታሪክ ተቆርጦ ሮጦ ግድግዳ የሚመታ ብቻ ሆኖ እንደቀረ በተለያየ ጊዜ ተናግሯል። ያንን ሰው ሠራሽ የጡንቻ ልብስ ለመልበስ ደግሞ በየቀኑ ሰዓታት ነበር የሚቀመጠው። ቅሬታው ትክክል ይመስለኛል።

ከባለቤቱ ጋር የነበረው ታሪክ ምንድን ነው?

ታንያ ትባል ነበር። ገና በልጅነታቸው ይተዋወቃሉ። የተጋቡት በ1994 ነው። ታንያ በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ልጅ ከወለደች በኋላ ልቧ ደክሞ የሌላ ሰው ልብ ተተክሎላታል። ስለዚህ አብረው የኖሩት ዘመን በሙሉ መድኃኒት፣ ሐኪም ቤትና ምርመራ ያልተለየው ነበር። እሱም በ2013 የቆዳ ካንሰር እንደነበረበት ተናግሯል። በጁላይ 2019 ታንያ በካንሰር አረፈች።

ከዚያ በኋላ ጆንስ በየቴሌቪዥኑ ቀርቦ እያለቀሰ ስለ እሷ ተናገረ፣ ስለ ሐዘኑም መጽሐፍ አወጣ። ወንድ ልጅ አያለቅስም እየተባልን ላደግን ሰዎች ያንን ፊት በእንባ ርሶ ማየት ቀላል አይደለም። እኔ ከፊልሞቹ ሁሉ ይልቅ አእምሮዬ ላይ የቀረው ያ ነው።

ከሜዳና ከፊልም ውጪም ጠበኛ ነበር? ጉዳት ያደረሰበት ሰው አለ?

አለ፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በ1988 መጨረሻ አካባቢ የቶተንሃሙ ጋሪ ስቲቨንስ ከእሱ ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሆኖ አልተጫወተም። በ1992 ጆንስ የጨካኝ ተጫዋቾችን ዘዴ የሚያሳይ ቪዲዮ ላይ ተራኪ ሆነ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር 20,000 ፓውንድ ቀጣው፤ የ6 ወር ዕገዳም በገደብ ወሰነበት። የዊምብልደን ባለቤት ሳም ሃማም እንኳ የቢንቢ አንጎል ያለው ሰው ብሎ ሰድቦታል።

በ1998 ጎረቤቱን በመደብደብ፣ በ2003 ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ በፈጠረው ጠብ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሠራ ወስኖበታል። መጠጥ ዋናው ችግሩ እንደነበረ ራሱ ይናገራል። መጠጥ ካቆመ አሁን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሜዳ ላይ የነበረውን ኃይለኝነቱን ሳደንቅ ስቲቨንስን ማስታወስ እንዳለብኝ ይሰማኛል። አንደኛው ያለ ሌላኛው አልመጣም።

ታዲያ ፊልም ላይ የምናየው ሰውና እውነተኛው ጆንስ አንድ ናቸው?

አንድም ናቸው፣ አይደሉምም። ቁጣው የራሱ ነው፤ ይህን ከላይ ያለው ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን መቼና የት እንደሚያወጣው የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህን የሊድሱ 3 ቢጫ ካርድ ይመሰክራል። ጎብዞ የተወነው ማስፈራራቱን ይመስለኛል፤ በልጅነቱ ያየውን ሕይወት ግን መተወን አላስፈለገውም።

አባቱ የአደን ጠባቂ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር በትልልቅ ርስቶች ላይ ጫካውን፣ ወፎቹንና አውሬዎቹን የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ጆንስ ያደገው ውሻና ጠመንጃ ይዞ ጭቃ ላይ በመሄድ ነው። ዛሬም የሚኖረው ደቡብ እንግሊዝ፣ ሰሴክስ ውስጥ እርሻ ላይ ነው። በ«ዘ ጀንትልመን» ጋይ ሪቺ የሰጠው ሚና ጄፍ የሚባል የአደን ጠባቂ ነው፦ የባለርስቱን ቤተሰብ ለዓመታት ያገለገለ፣ የቆሰሉ እንስሳትን አምጥቶ የሚያስታምም ሰው። ድራማውን ካገኛችሁት ጫማውን እዩለት። ጭቃው ላይ ሲራመድ ታች አያይም።